ከመዶሻ እስከ ፑለር፦ የመሪና የሞላ መፍቻ መሣሪያዎች እንዴት ወደ ገበያችን መጡ?

በሞያሌም ሆነ በጅቡቲ በኩል የመኪና ዕቃ የምናመላልስ ሰዎች ከጋራዥ ባለቤቶችና ከንግድ ጓደኞቻችን ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ፦ «ቦል ጆይንት መፍቻ ላመጣ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን «የትኛውን መኪና ልትፈቱበት?» ከሚል ሌላ ጥያቄ ይጀምራል። ሱቁ ውስጥ ተደርድረው የምናያቸው ሹካዎች፣ ፑለሮች፣ የሞላ መጭመቂያዎችና ረጃጅም ቱቦዎች በአንድ ቀን የተፈጠሩ አይደሉም። አዲስ የመኪና ክፍል በመጣ ቁጥር የድሮው መፍቻ አልሠራ ሲል አዲስ መሣሪያ ተወለደ። ይህን ቅደም ተከተል ያወቀ ነጋዴ ለማን ምን እንደሚሸጥ ያውቃል። ያላወቀ ደግሞ ትልቅ ሳጥን ሙሉ ዕቃ አስጭኖ ግማሹን ለዓመታት መደርደሪያ ላይ አቧራ ያስጠጣዋል።

ስለዚህ ዛሬ ለውድ አንባቢዎቻችን ይህን ታሪክ ከነጥቅሙ ለማቅረብ አስበናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፔርኖና መዶሻ

የመሪ ታሪክ ከመኪና ይቀድማል። በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ሲታጠፍ የፊት ጎማዎቹ ከነተሸከማቸው ብረት አንድ ላይ ይዞሩ ነበር፤ ይህም ሠረገላው በቀላሉ እንዲገለበጥ ያደርገዋል። የሙኒክ ከተማ ሠረገላ ሠሪ የነበረው ጌኦርግ ላንከንስፔርገር እያንዳንዱ ጎማ በራሱ ፔርኖ ላይ የሚዞርበትን ዘዴ አወጣ። በ1818 ሎንዶን ላይ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ግን ሩዶልፍ አካርማን ስለነበረ፣ ዘዴው እስከ ዛሬ የሚጠራው በአካርማን ስም ነው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ መኪና ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው ጎማ አጭር ክብ ስለሚዞር ከውጪኛው የበለጠ መታጠፍ አለበት። ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ፣ ዛሬ ታይሮድ የምንለው፣ የመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ይህንኑ የሠረገላ ዘዴ ወረሱ። ጎማውን የተሸከመው ብረት በቡሽ ውስጥ በሚዞር ወፍራም ፔርኖ፣ ማለትም በኪንግ ፒን፣ ከአክሱሉ ጋር ይያያዛል። ከላይ ያለውን ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራ ነው። ይህ አሠራር ጠንካራ ነው፤ ቅባት ካገኘም ብዙ ይቆያል። ሲያልቅ ፔርኖው በመዶሻ ወይም በፕሬስ ይወጣል፣ አዲስ ቡሽ ይገባል፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ በልኩ ይሞረዳል። ለዚህ ዘመን መኪና የሚያስፈልገው መሣሪያ ከባድ መዶሻ፣ ከነሐስ የተሠራ መምቻ፣ ሞርሳና ፕሬስ ነበር።

በእኛ አገር ይህ ዘመን ረጅም ነው። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 ኢትዮጵያን በያዘባቸው ዓመታት መንገድ ሠርቶ የጭነት መኪኖቹን አሰማራ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ብዙ ጣሊያኖች በአሥመራና በአዲስ አበባ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። የእኛ ልጆች ሙያውን የተማሩት በእነሱ ቋንቋ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት በሙሉ ከዚያ የቀሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዕቃ ግን ስሙ እንግሊዝኛ ነው፦ ቦል ጆይንት፣ ታይሮድ፣ ፑለር፣ ራክ። የዕቃውን ዘመን ከስሙ መገመት ይቻላል ብንል ማጋነን አይሆንም። ናይሮቢ ስንሄድ ደግሞ ቁልፉ «ስፓና»፣ ክሪኩ «ጄኪ»፣ መዶሻው «ኒዩንዶ» ይሆናል፤ ቦል ጆይንት ግን እዚያም ቦል ጆይንት ነው። አስተርጓሚ ሳንፈልግ የምንገበያይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ1952 የተጀመረው ፊያት 682፣ በተለይም «ኤንትሬ» ብለን የምናውቀው ባለ ኤን 3 ምልክቱ፣ የዚህ ዘመን ንጉሥ ነበር። ፊቱ በባሌስትራ፣ ጎማው በኪንግ ፒን። ኤንትሬ ላይ ሠልጥኖ ያደገ መካኒክ ማንኛውንም ነገር በመዶሻ እፈታለሁ ቢል አይፈረድበትም፤ መኪናው ይችለዋልና። ችግር የመጣው ያ መካኒክና ደቀ መዛሙርቱ ያንኑ መዶሻ ይዘው ወደ ትንንሾቹ መኪኖች ሲያልፉ ነው።

ኳሷ ስትመጣ

ከጦርነቱ በኋላ የመኪና ፋብሪካዎች ኪንግ ፒንን ትተው ወደ ቦል ጆይንት ዞሩ። በአሜሪካ የ1952ቱ ሊንከን የፊት ጎማውን በቦል ጆይንት አንጠልጥሎ ወጣ፤ በ1954 ፎርድ ተከተለ። አዲስ አበባና ናይሮቢ በደንብ የሚያውቋት ቮልስዋገን ቢትል ደግሞ እስከ 1965 ድረስ በኪንግ ፒን ቆይታ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ በቦል ጆይንት ተሠራች። ቦል ጆይንት እንደ ሰው የትከሻ መገጣጠሚያ ነው፤ ኳስ በጽዋ ውስጥ ተቀምጣ ወደ ላይም ወደ ጎንም ትንቀሳቀሳለች። አንዲት ኳስ መሪውንም ሞላውንም ታገለግላለች፤ ክብደቷም ዋጋዋም ትንሽ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የኳሷ እግር ቀጥ ያለ ብሎን አይደለም፤ ሾጣጣ ነው። ሾጣጣው እግር ሾጣጣ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ዳዶው ሲጠብቅ ሁለቱ ብረቶች እርስ በርሳቸው ይነካከሳሉ። ዳዶው ቢፈታ እንኳን እግሩ አይወጣም። ዲዛይኑ ሆን ተብሎ እንዲህ የተደረገው እየነዳን ሳለ እንዳይላላ ነው። እንግዲህ መካኒኩ ዳዶውን ፈትቶ እግሩን ሲያይ፣ ኤንትሬ ላይ የለመደው እጅ መዶሻውን አንስቶ የብሎኑን ጫፍ ይመታል። ጫፉ ይጨፈለቃል፣ ጥርሱ ይበላሻል፣ እግሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ዕቃው ሊጣል ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። አሞርዛተር ለመቀየር ብቻ ተፈትቶ ተመልሶ የሚገባ ጤነኛ ዕቃ ከሆነ ግን ባለመኪናው ሳያውቅ ሌላ ወጪ ገባ።

ለዚህ ችግር ሦስት መልሶች ተሰጡ፤ ሦስቱም ዛሬ ሱቃችን ውስጥ አሉ።

የመጀመሪያው ሹካው ነው። ሁለት ጣት ያለው ሽብልቅ ሲሆን በክንዱና በጎማው ብረት መካከል ገብቶ በመዶሻ ይመታል። ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፣ ዝገት የበላውንም ይፈታል። ጉድለቱ ግን ኳሷን ከአቧራ የሚጠብቀውን የላስቲክ ሽፋን ይቀድደዋል። ሽፋኑ የተቀደደ ኳስ ደግሞ በእኛ ኮረኮንችና አቧራ ብዙም አይቆይም። ስለዚህ ሹካ የሚጣል ዕቃን ለመፍታት ነው። ሦስት ስፋት አለው፦ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ለታይሮድ፣ 24 ገደማ ለቦል ጆይንት፣ 29 ገደማ ለፒትማን አርም። ነጠላ ሹካ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ የጣቶቹን ክፍተት ሳትለኩ አትግዙ።

ሁለተኛው ፑለሩ ነው። ከአንድ በኩል ክንዱን ይይዛል፣ ከሌላ በኩል በጠመዝማዛ ብሎን የእግሩን ጫፍ ቀስ ብሎ ይገፋል። ጀርመን ውስጥ ኩኮ የተባለው ድርጅት በ1919፣ አሜሪካ ውስጥ ኦዋቶና በምትባል ከተማ ስሟን የያዘው ኦ ቲ ሲ በ1924 ተቋቁመው ፑለርን ራሱን የቻለ ሙያ አደረጉት። በመጀመሪያ ዓላማው ኩሽኔታና ጥርስ ማውጣት ነበር፤ ቦል ጆይንት ሲስፋፋ ጥፍሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ለእሱ ተሠራ። ፑለር የላስቲክ ሽፋኑን አይነካም። አንድ ምክር ግን አለ፦ ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ አትጣሉት፤ ጥቂት ጥርስ ላይ ተዉት። እግሩ ሲላቀቅ በድንገት ነው የሚላቀቀው፤ ዳዶው ካለ ክንዱ በመካኒኩ ፊት ላይ አይወርድም።

ሦስተኛው መልስ መሣሪያ ሳይሆን ጥበብ ነው። ፑለሩ ወጥሮ ይዞ ሳለ እግሩ የገባበትን ዓይን ጎን በመዶሻ መምታት። በምቱ ዓይኑ ለቅጽበት ይለጠጥና ሾጣጣው ይለቃል። እዚህ ላይ መዶሻው ቦታውን አገኘ፤ የሚመታው ብሎኑ ሳይሆን ዓይኑ ነው።

የፒትማን አርም ነገር ግን የተለየ ነው። በድሮዎቹ መኪኖችና እስከ ዛሬ በብዙ የጭነት መኪኖች ላይ ከመሪ ሳጥኑ የሚወጣው ዘንግ ላይ በጥርስ የተያዘው ክንድ ማለት ነው። ይህንን በመዶሻ መፍታት ዘንጉንና ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ጥርሶች ይጎዳል። ወፍራምና አጭር የራሱ ፑለር አለው። የጭነት መኪና ጋራዥ ደንበኛ ያላችሁ ሁሉ ይህን ሳትይዙ አትምጡ።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ፣ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የቦል ጆይንት ዘመንን ለብዙኃኑ ያስተማረችው ላዳ ናት። ላዳ የተወለደችው በ1966 ከወጣው ፊያት 124 ሲሆን ከ1970 ጀምሮ በሶቪየት ኅብረት ተመረተች፤ ለእኛም ሰማያዊና ነጭ ለብሳ ታክሲ ሆነችልን። የላዳ መሪ ሦስት ዘንጎች ሲኖሩት በጠቅላላው 6 የሾጣጣ መገጣጠሚያ አለው። ከእነዚህ አንዱ ሲላላ መሪው ይጫወታል፤ ሾፌሩም በእጁ ያውቀዋል። አንድ የላዳ መካኒክ በሳምንት ውስጥ ስንት ሾጣጣ እንደሚፈታ ቁጠሩና ለእሱ ፑለር ቅንጦት ነው ወይስ እንጀራ እንደሆነ ፍረዱ።

ሞላው፦ ሕይወት የሚጠይቀው መሣሪያ

በ1940ዎቹ አርል ማክፈርሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሼቭሮሌ ውስጥ አንድ ትንሽ መኪና ሲነድፍ አሞርዛተሩንና ሞላውን አንድ ላይ ያደረገ ቀላል ዘዴ አሰበ። ያች መኪና በ1947 ሳትመረት ተሰረዘች። ማክፈርሰንም ወደ ፎርድ ሄዶ ሐሳቡ በ1950 በእንግሊዙ ፎርድ ኮንሰልና ዜፈር ላይ ገበያ ወጣ። ከላይ ያለው ክንድ ቀረ፤ በቦታው ሞላ የለበሰ አሞርዛተር ቆመ። ዕቃው ሲቀንስ ዋጋም ቦታም ተረፈ።

«ይህ ቀጭን ነገር የአፍሪካን መንገድ ይችላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ መልስ ሰጠ። ውድድሩ በ1953 ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቶርሽን ባር ባለቤቷ ቮልስዋገን በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አሸነፈች። ከዚያ የማክፈርሰን አሞርዛተር የያዘችው ፔዦ 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸነፈች። ናይሮቢና ካምፓላ ውስጥ የፔዦ ስም የገነነው በከንቱ አይደለም። በ1966 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቶዮታ ኮሮላም የማክፈርሰንን ዘዴ ያዘች፤ መጀመሪያ ሞላዋ ባሌስትራ ነበር፣ በ1970 የመጣችው ሁለተኛዋ ኮሮላ ግን በጥቅል ሞላ ወጣች። ከዚያ በኋላ የኮሮላን ጉዞ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ከዚህች ጥቅል ሞላ ጋር አብሮ የመጣው መሣሪያ የሞላ መጭመቂያ ነው። በሚዛን እናስበው። 1,000 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ትንሽ መኪና ሞተሯ ፊት ስለሆነ በእያንዳንዱ የፊት ሞላ ላይ 300 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት ያርፋል። አሞርዛተሩ ከመኪናው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥም ሞላው እንደታመቀ ነው፤ የያዘው ከላይ ያለው አንድ ዳዶ ብቻ ነው። ያንን ዳዶ ሞላውን ሳይጨምቁ መፍታት ማለት የታሰረ በሬ ፊት ቆሞ ገመዱን መቁረጥ ነው። ሞላው ከነሽፋኑ ይፈናጠራል፤ ያገኘውን ይመታል፤ ፊትም ሆነ እጅ አይለይም።

ስለዚህ ከምንነግዳቸው መሣሪያዎች ሁሉ በዋጋ ክርክር የማንገባበት ይህ ብቻ ነው። ሹካ ርካሽ ብንገዛ ሹካው ይጣመማል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። የሞላ መጭመቂያ ርካሽ ብንገዛ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ጋራዥ ውስጥ በዕድሜ ትንሹ ልጅ። ስትመርጡ እነዚህን እዩ፦ መንጠቆዎቹ በእሳት ተቀጥቅጠው የተሠሩ እንጂ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት እንዳይሆኑ፤ መንጠቆው ከሞላው እንዳይንሸራተት የሚቆልፍ ፒን እንዲኖረው፤ የጠመዝማዛው ጥርስ ንጹሕና ቅባት የገባው እንዲሆን። ለገዢውም ንገሩት፦ ሁለቱን ጎን በየተራ ጥቂት ጥቂት ያጥብቅ፤ በአየር ወይም በባትሪ በሚሠራ መፍቻ አይነዳው፣ ጥርሱ ግሎ ይበላልና።

ገንዘብ የሚያድን አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። የታክሲ ጋራዥ ደንበኛ «የሞላ መጭመቂያ አምጡልኝ» ቢላችሁ መኪናውን ጠይቁ። ዶልፊንም ሆነ አባዱላ የምንላቸው የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች ከፊት ጥቅል ሞላ የላቸውም፤ የያዛቸው ቶርሽን ባር፣ ማለትም በመጠምዘዝ የሚሠራ ረጅም ዘንግ ነው። ከኋላ ደግሞ ባሌስትራ ነው። ለዚያ ሰው የሚያስፈልገው ጥሩ ክሪክ፣ አስተማማኝ መደገፊያ፣ የቦል ጆይንት ፑለርና የቶርሽን ባሩን ማስተካከያ ብሎን የሚይዝ ቁልፍ ነው። ሃይኤስ ብቻ ለሚሠራ ጋራዥ መጭመቂያ መሸጥ ለዓሣ አጥማጅ ማረሻ እንደ መሸጥ ነው። አንዴ ይገዛችኋል፤ ሁለተኛ ግን ወደ ሱቃችሁ አይመጣም።

ራኩና ድንበሩ

የመሪ ሳጥኑም ተለወጠ። ሳጥን፣ ፒትማን አርምና ብዙ ዘንግ የነበረበት ቦታ ላይ ራክ መጣ፤ ጥርስ ያለው አንድ ረጅም ዘንግ በትንሽ ጥርስ ወደ ግራና ቀኝ የሚገፋ። ፔዦ 404 በ1960 ስትወጣ ጀምሮ ራክ ነበራት። ሞተር ወደ ጎን የዞረባቸውና የፊት ጎማቸው የሚጎትት ትንንሽ መኪኖች ሲበዙ ራክ በየመንደሩ ገባ።

ራክ ለነጋዴ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንዱ ወጥመድ ነው፤ ሌላው ዕድል።

ወጥመዱ የመንገድ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ በ1964 መንዳትን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረች። ሶማሊያ በ1968፣ ሱዳን በ1973 ተከተሉ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ግን እንግሊዝ እንደተወው በግራ ቀሩ። ስለዚህ ሞያሌ ላይ መኪና ድንበር ሲሻገር መንገዱን ይቀይራል። የኬንያ ገበያ ከጃፓን በሚመጡ መሪያቸው በቀኝ በሆኑ መኪኖች የተሞላ ነው። ከኪሪንያጋ መንገድ ሱቆች የተገዛ ያገለገለ ራክ ስሙ «ኮሮላ» ቢሆንም መሪው በግራ ለሆነው የአዲስ አበባ ኮሮላ አይገጥምም፤ የመሪው መግቢያ በተቃራኒው ጫፍ ነውና። ቦል ጆይንት፣ የውጪ ታይሮድ፣ ቡሽንግና አሞርዛተር ግን በአብዛኛው በመሪው ጎን አይለዩም፤ የሞዴሉን ቁጥር ማመሳከር ይበቃል። ሐርጌሳ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ መንገዱ በቀኝ፣ ብዙው መኪና ግን መሪው በቀኝ የሆነ ነው። እዚያ ላለ ደንበኛ የናይሮቢው ራክ ሊሆን ይችላል። ዕቃ ከመጫን በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ «የት አገር ነው?» ሳይሆን «መሪው የት ጎን ነው?» መሆን አለበት።

ዕድሉ ደግሞ መሣሪያው ነው። መሣሪያ ግራና ቀኝ አያውቅም። የራኩ ውስጠኛ ታይሮድ በላስቲክ ከረጢት ተሸፍኖ ከራኩ ጫፍ ጋር በጥርስ ይያያዛል፤ ተራ ቁልፍ አይደርሰውም። ብዙ ጋራዥ በቧንቧ ቁልፍ እየነከሰ ይፈታዋል፤ ወይ ራኩን ሙሉ በሙሉ አውርዶ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። የተሠራለት መሣሪያ ረጅም ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ ልዩ ልዩ ስፋት ያላቸው አፎች ይገጠሙበታል፤ ራኩ መኪናው ላይ እያለ ይፈታል። ከናይሮቢም ከዱባይም የመጣ አንድ ዓይነት ነው፤ አዲስ አበባም ካምፓላም ይሠራል። ክፍሉን ስትነግዱ ድንበር ይከፍላችኋል፤ መሣሪያውን ስትነግዱ ግን ሁለቱም ወገን ገበያችሁ ነው።

ታዲያ ዛሬ ምን እንያዝ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ በኋላ ሂሳቡ ቀላል ነው። ገበያ ላይ 20፣ 30 ዕቃ የያዘ ትልቅ ሳጥን አለ፤ ዓይን ይማርካል። ግን ሳጥኑ የተዘጋጀው ለሁሉም አገር መኪና ነው፤ እኛ አገር የሌሉ መኪኖች አፍም አለበት። በዚያ ዋጋ ደንበኛችን የሚያውቃቸውን ሦስት ወይም አራት ጥሩ መሣሪያዎች መግዛት ይሻላል።

ለምሳሌ ያህል ሹካ 1,000 ብር፣ ጥሩ ፑለር 3,000 ብር ነው እንበል፤ ልዩነቱ 2,000 ብር። በሹካ ሽፋኑ የተቀደደ ጤነኛ ታይሮድ 1,500 ብር ቢያወጣ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ሲደርስ 3,000 ብር ሄደ። ፑለሩ ዋጋውን በሁለት መኪና መለሰ ማለት ነው። ይህን ሂሳብ ለጋራዥ ባለቤት በወረቀት ላይ አስልታችሁ አሳዩት፤ ከብዙ ምስጋና ይልቅ ይሸጣል።

ለአነስተኛ ጋራዥ በቅደም ተከተል የምንመክረው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የታይሮድና የቦል ጆይንት ፑለር፤ አንድ ትንሽ አንድ መካከለኛ። ቀጥሎ የሞላ መጭመቂያ፣ ደንበኛው ጥቅል ሞላ ያላቸውን መኪኖች የሚሠራ ከሆነ። ሦስተኛ የውስጥ ታይሮድ መፍቻ። አራተኛ ማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ ቁልፍ፤ የሾጣጣ እግር ዳዶ በግምት የሚጠብቅ ነገር አይደለምና። በክንድ ውስጥ በግፊት የገባ ቦል ጆይንት ለሚቀይር ደግሞ ፊደል ሲ የሚመስለው የእጅ ፕሬስ። እዚህ ላይም መኪናውን ጠይቁ፦ የድሮዋ ቢትል ቦል ጆይንት በግፊት የገባ ነው፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ የምናውቃቸው የብዙ ኮሮላዎች የታችኛው ቦል ጆይንት ግን በብሎንና በዳዶ ስለታሰረ ፕሬስ አይጠይቅም።

እጃችን ውስጥ ያለውን ሙያም አንናቅ። ምናለሽ ተራም ሆነ ካትዌ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከአሮጌ ባሌስትራ ቀጥቅጠው የሚያወጡት ሹካ ከብዙ አስመጪ ሹካ ይበልጣል፤ የባሌስትራ ብረት ጠንካራ ነውና። ነገር ግን ያው የባሌስትራ ብረት ሲበየድ ብየዳው አጠገብ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ የአገር ልጅ የሠራውን ሹካና መዶሻ ያለ ስጋት ግዙ፤ በብየዳ የተቀጣጠለ የሞላ መጭመቂያ ግን ማንም ቢሠራው አትግዙ፣ አትሽጡም።

ጊዜውም ይህን ንግድ ይደግፈዋል። በ2020 መጨረሻ የሞያሌ የጋራ የድንበር ኬላ ተመረቀ። በ2024 ደግሞ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለች። አዲስ ካልገባ ያለው ኮሮላና ላዳ ረዘም ያለ ዕድሜ መኖር አለበት፤ ዕድሜው ደግሞ የሚረዝመው በጥገና ነው። የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ሞተራቸው ቢለወጥ እንጂ መሪያቸው አልተለወጠም። ኳሷም ሾጣጣውም ራኩም እዚያው ናቸው፤ በባትሪው ክብደት ምክንያትም ጭነታቸው ይበዛል። ካንዴላና ማርሚታ የሚነግድ ወገናችን ሊሰጋ ይችላል፤ የቦል ጆይንት ፑለር የያዘ ግን ገበያው አይነጥፍበትም።

በመጨረሻ ለእህቶቻችንና ለወንድሞቻችን የምንለው ይህ ነው። የሞተር ዕቃ ቢሳሳት መኪና ይቆማል። የመሪ ዕቃ ቢሳሳት መኪናው አይቆምም። ስለዚህ የገዢያችሁን መኪና፣ የመሪውን ጎን፣ የሞላውን ዓይነት ሳትጠይቁ መሣሪያ አትስጡ። መልሱን የማያውቅ ገዢ ከሆነም መኪናውን ስር ገብቶ አይቶ እንዲመለስ ንገሩት። ሽያጩ አንድ ቀን ቢዘገይ እንጂ አይቀርም።